ሮላንድን ይዘህ ለሄድከው

ውድ ክላይቭ፣

ትናንት ስትደውል መጀመሪያ የጠየቅኸኝ የላይኛው ክፍል እርጥበት ገብቶበት እንደሆነ ነው። «መስኮቱን አልከፈትሽውም አይደል?» አልከኝ። አልከፈትኩትም አልኩህ። «ማሞቂያውስ?» አልክ። እሱም እንደተውከው ነው አልኩህ። ከዚያ የዊትቢ የባሕር ነፋስ ከቤት አላስወጣ እንዳለህ፣ እህትህ ብሬንዳ በየቀኑ ዓሣ እየጠበሰች ልብስህ ሁሉ ዓሣ ዓሣ እንደሚሸት ነገርከኝና ዘጋህ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ኩሽናው መሃል ቆሜ ቀረሁ። ስለ ኤሊዮት አንድ ቃል አልጠየቅኸኝም። ልጃችን ከዚህ ቤት ወጥቶ የራሱን ቤት ከያዘ ሰነባበተ፤ አንተን እንቅልፍ የሚነሳህ ግን የመጫወቻ ካርቶን እርጥበት ነው። በስልክ ብናገር ቃሉን ከአፌ ትቀማኛለህ። ስለዚህ ልጻፍልህ አልኩ፤ ወረቀት መሃል ገብተህ ልታቋርጠኝ አትችልም።

ነገሩ ከየት እንደተጀመረ የረሳኸው ይመስለኛል። እኔ አልረሳሁም።

ኤሊዮት አምስት ዓመት ሆኖት አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ሐኪሞቹ ጠብቁ ይሉናል፣ እናትህ ትጸልያለች፣ የመንገዳችን ሰው ሁሉ እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሱ የሚወደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የብራከንዴል ባቡሮች» የሚባለውን የልጆች ፊልም። ከቴሌቪዥኑ ሥር በሆዱ ተኝቶ፣ ፊት ያላቸው ትንንሽ ባቡሮች በዚያ አረንጓዴ ሸለቆ ውስጥ ሲመላለሱ፣ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ያለው ሰውዬ ሲተርክ፣ ካሴቱ ሲያልቅ ወደ ኋላ እያጠነጠነ ደግሞ ያየዋል። አንድ ቀን ከፋብሪካ ወጥተህ፣ ዝናብ አበስብሶህ፣ በሁለት እጅህ አስቤዛ ተሸክመህ ገባህና በረጅሙ ተነፈስክ። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል «ጭነቱ ከባድ ነው፤ ቀስ ብለን እንወጣዋለን» አለህ። የሮላንድ ንግግር ነበር፤ የዚያ የአሮጌው አረንጓዴ ባቡር፤ ድምፁ ሳይቀር። አስቤዛውን ለቀቅከው። ወደ ጓሮ ወጥተህ ግድግዳውን ተደግፈህ አለቀስክ። እኔ ያላየሁ መስዬ የተሰበረውን እንቁላል ከወለሉ ጠረግሁ።

በማግስቱ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት የበጎ አድራጎት ሱቅ ሮላንድን ገዝተህ መጣህ። ከብረት የተሠራ መጫወቻ፣ መዳፍ የማይሞላ። ኤሊዮት አቅፎት ተኛ፤ ጭስ ማውጫውን አኝኮ አኝኮ አጎበጠው። ከዚያ ወዲህ በባቡር ቋንቋ ያናግረን ጀመር። ሲርበው «ከሰል አለቀብኝ» ይላል፤ ሲፈራ «ዋሻው ጨለማ ነው»። ግራ ስጋባ አንተ ትቀድመኝ ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክከህ «ምልክቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ እለፍ» ትለዋለህ፤ ልጁም ያልፋል፤ ጥርስ ሐኪም ቤትም ቢሆን፣ ትምህርት ቤትም ቢሆን ያልፋል። ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቅበት ነበር። ዛሬ ይህን ያህል የምናደደውም ለዚህ ነው። ድሮም የማታውቅበት ሰው ብትሆን ኖሮ ትቼህ ነበር።

እሁድ እሁድ ሰው መኪናውን ጭቃ ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ኋላውን ከፍቶ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ ሦስታችን እንሄድ ነበር። አንተ ከፊት፣ ኤሊዮት የካፖርትህን ጫፍ ይዞ፣ እኔ ከኋላ የሻይ ፔርሙዝ ተሸክሜ። ከተሰባበሩ አሻንጉሊቶች ሥር አንድ የብራከንዴል ፉርጎ ስታገኙ ሁለታችሁም ሳትናገሩ ቀጥ ትላላችሁ፤ ሻጩ እንዳይባንን። ማታ ምንጣፉ ላይ ይሰለፋሉ። ቀለማቸው ቢላጥ፣ ጎማቸው ቢወልቅ ማን ይጨነቅ ነበር?

ከዚያ ሚስተር ፒከሪንግ መጡ። ከአሮጌ መጫወቻ ሰብሳቢዎች ማኅበር ናቸው፤ ሻያቸውን ጠጥተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሮላንድን ገለበጡት። ፋብሪካው መጀመሪያ ላይ መሽከርከሪያዎቹን በስህተት ቀይ ቀብቶ እንደነበር፣ ኋላ እንዳረመው፣ እንዲህ ያለው እንደማይገኝ ነገሩን። ጭስ ማውጫውን ሲያዩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምነው ባይነካ ኖሮ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተም ቃልህ ይቺው ሆነች፤ አይነካ። የመስታወት ቁም ሣጥን መጣ፣ ሌላ ተጨመረ፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ሆነ። ቁልፍ መጣ። ነጭ ጓንት መጣ። ለኤሊዮት አዲስ የፕላስቲክ ባቡሮች ገዛህለት፤ አንድ ጊዜ አይቷቸው አልጋ ሥር ገፋቸው። ልጁ መስታወቱ ፊት ቆሞ ሲያይ ትንፋሹ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ አንተ ከኋላ በጨርቅ ትወለውላለህ። ስንቱን ዓመት እሱ ሲተነፍስ፣ አንተ ስትወለውል! ካሴቶቹንም አልማርካቸውም። ፕላስቲካቸው ያልተቀደደ፣ ማንም ከፍቶ ያላያቸው እያልክ ገዝተህ ደረደርካቸው። ያልታየ ፊልም ምኑ ነው ፊልምነቱ ብዬ ብጠይቅህ አይገባሽም አልከኝ። አዎ፣ አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም።

ኤሊዮት ከቤት ሊወጣ ሲል እራት ላይ የሆነውን ደግሞ አልረሳውም። ኤሊዮት ዕቃውን ሸክፎ ጨርሷል። በችግኝ ጣቢያው ተቀጥሮ፣ በራሱ ደሞዝ የራሱን መጋረጃ መርጦ ገዝቷል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከወላጆቹ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያውም ልመና አልነበረም።

«ሮላንድ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለ።

«ልክ እሱን የመሰለ እገዛልሃለሁ» አልከው።

«እሱን የመሰለ እሱ አይደለም።»

«ኤሊዮት፣ ይሄኛው መነካት የለበትም።»

ሹካውን አስቀምጦ ወደ ላይ ወጣ። ስከተለው ሁለት መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ወርጄ የተናገርኩህን ሁሉ ዛሬም አላነሳውም፤ አንዱንም አልመልሰውም። በማግስቱ ለጥቂት ቀን ብሬንዳ ጋ ልሁን ብለህ ሄድክ። የላይኛውን ክፍል ሳይ የሮላንድ ቦታ ባዶ ነው፤ ቁልፎቹም የሉም። ጎረቤታችን ሸሪል ይህን ስነግራት ግድግዳ ይዛ ሳቀች። «ሌላው ወንድ ሴት ይዞ ይጠፋል፤ ያንቺው መጫወቻ ይዞ ጠፋ» አለች። እኔን አላሳቀኝም።

ቀጥሎ የሆነውን አልነገርኩህም፤ ልነግርህ ስሞክር «ሲመቸኝ እመጣለሁ» ብለህ ዘጋህብኝ። ኤሊዮት አዲሱ ቤት በገባ ሰሞን የቪዲዮ ዴኩ ተበላሸ። ካሴቱን ሳያይ መብላት አቃተው። ዲስክ ወሰድኩለት፤ ከፊልሙ በፊት የነበሩት ማስታወቂያዎች የሉም ብሎ መለሰልኝ። አንተ መለዋወጫ ዴኮች አሉህ፤ ተቆልፎባቸዋል። ምን ላድርግ? ዮርክ ከተማ ድረስ ወደ መጫወቻ ሰብሳቢዎች ገበያ ሄድኩ። እኔ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አልሄድም ያልኩት ሰው።

ሚስተር ፒከሪንግ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበሉ ነበር። ክላይቭ እንዴት ነው አሉኝ። ዊትቢ ነው፣ ሮላንድን ይዞ ሄዷል አልኳቸው። ሳንድዊቹን አስቀመጡ።

«ያን ባቡር ሽጥልኝ ብዬ ስንት ጊዜ እንደለመንኩት ያውቃሉ?» አሉኝ። «ዋጋውን እንኳ ልንገርህ ስለው ጆሮውን ይይዛል። አንድ ቀን ምን አለኝ መሰለዎት? ልጄ አፉን የፈታው በዚህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ የሰበሰብኩት ይሄ ብቻውን እንዳይሆን ነው አለኝ።»

ዴክ ሰጡኝ፤ ክፍያም አልተቀበሉኝም። ስመለስ ባቡር ውስጥ ዴኩን ጭኔ ላይ አድርጌ መጀመሪያ አለቀስኩ። ዳርሊንግተን ጣቢያ ሳልደርስ ግን እንባው ደርቆ ንዴት ሆነ። ይህን ቃል ለፒከሪንግ ትነግራቸዋለህ፣ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ፤ እንቁላሉን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ለልጁስ? መስታወት ፊት የቆመው ልጅ አባቱ ዕቃውን ከእሱ የሚያስበልጥ እየመሰለው ሲያድግ አንዲት ቀን «ድምፅህን ነው ያስቀመጥኩት» ማለት ምን ይከብዳል?

ደግሞ ክላይቭ፣ ልጁ እኮ ያን ቀን ተናግሮ ዝም አላለም። እየተናገረ ነው። አንተ የመጀመሪያዋን ቃል እንደ ዓይንህ ብሌን ስትጠብቅ ከእሷ በኋላ የመጣውን ማን ሰማው? ባለፈው ሰሞን የሠራሁለትን ሾርባ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠና «እማዬ፣ ይሄ ሾርባ ተስፋ ቆርጧል» አለኝ። የትኛውም ባቡር እንዲህ አላለም። ካሴቶቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ቃሏ የራሱ ናት።

ስለዚህ አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብበው። ቁም ሣጥኖቹን ፈታኋቸው። ሸሪል መፍቻ ይዛ መጣች፤ ቁልፉን ትተን ማጠፊያውን ፈታን። «ይሄ ሁሉ መስታወት የንግሥት ዘውድ ሊቀመጥበት ነው እንዴ?» እያለች፣ እኔ መስታወቱን ይዤ፣ በር በሩን አወረድን። ባቡሮቹን፣ ፉርጎዎቹን፣ ጣቢያዎቹን፣ ካሴቶቹን በሙሉ በመኪናዋ ጭነን ለኤሊዮት ወሰድንለት።

ይቀዳድዳቸዋል ብለህ አሁን ተነስተህ ቆመህ ይሆናል። ተቀመጥ። አንዱንም ካርቶን አልቀደደም። በትንሽ መቀስ ማሸጊያውን እየቆረጠ፣ ባቡሩን አውጥቶ ካርቶኑን መልሶ እየከደነ ሲሠራ ዋለ። ሐዲዱን ከአልጋው ሥር ጀምሮ በኮሪደሩ አሳልፎ እስከ ኩሽናው ዘረጋው። ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ ድምፁ በዛ ብለው ሊቆጡ ወጡ፤ ኤሊዮት የምልክት መብራቱን አስያዛቸው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ካሴቶቹንም ከፈትናቸው። ከታሸጉት መካከል ያንዱ ጥቅልል ነጭ ሻጋታ አብቅሏል፤ ያ ሁሉ ጥበቃህ አላዳነውም። ኤሊዮት አሽትቶት «ሞቷል» ብሎ ለብቻ አስቀመጠው። የቀሩት ይሠራሉ።

ከሁሉም ያቃጠለኝን ልንገርህ። ሁሉም ተሰልፎ ሲያበቃ አንድ ቦታ ጎደለ። ሮላንድን አምጣለት ብዬ አባትህን ልቆጣው ወይ አልኩት። ቁጣዬን አዘጋጅቼ፣ የምልህን ሁሉ ምላሴ ላይ ደርድሬ ነበር።

«አባዬ ብቻውን ነው» አለኝ። «እሱ ጋ ይቆይ።»

ለፒከሪንግ ያልከውን አልነገርኩትም። እሱም ከማንም አልሰማውም። ይህን ካለኝ በኋላ ስለ እሱ ሆኜ ልቆጣህ አልቻልኩም፤ ቁጣዬን ነጠቀኝ። ስለ ራሴ ግን አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ ቁጣዬም በቶሎ የሚበርድ አይመስለኝም። ወደዚህ ቤት መመለስህን ለብቻው እንነጋገርበታለን፤ አሁን ና አልልህም።

ወደ እሱ ቤት ግን ሂድ። ሮላንድን ብትይዝ ያዝ፣ ባትይዝም ተወው። አድራሻውን ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቤት ነው። ደወሉን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫን። ኤሊዮት በር ለመክፈት ጊዜ ይወስድበታል፤ መጀመሪያ ባቡሮቹን ሁሉ ያቆማል፣ ከዚያ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ ነው የሚመጣው። የለም ብለህ እንዳትመለስ። ቆመህ ጠብቀው።

ሎሬን