እጅ ሳይለቁ የኖሩት ወይዘሮ ሪንስከ ቦንስማ

ወይዘሮ ሪንስከ ቦንስማ ከጀልባ ነጂው ከአቶ ሳይበ ቦንስማ እና ከወይዘሮ ባውክየ ቴርፕስትራ በሆላንድ፣ በፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር፣ በስኔክ ከተማ አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1949 ተወለዱ። የተወለዱት ጀልባ ላይ ነው። አባታቸው ጀልባ ለማሳለፍ የሚነሣው ድልድይ እስኪከፈት ቢጠብቁም ልጅቷ አልጠበቀችም።

በመንደራቸው ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በዳቦ ቤት ተቀጠሩ። በ1972 የዳቦ ቤቱን ባለቤት አቶ ዳውወ ሁከማን አግብተው የልቸ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ።

በአገሩ ልማድ ሕፃን በተወለደበት ቤት ለጠያቂ የሚቀርበውን፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ስኳር የተለበጠ የእንስላል ፍሬ የሚነሰነስበትን ደረቅ ብስኩት ከዳቦ ቤቱ የሚያደርሱት ወይዘሮ ሪንስከ ነበሩ። በ1981 ክረምት አንድ የቸኮለ አባት ልጁ ሳይወለድ አዘዘ። ወይዘሮ ሪንስከ ብስኩቱን ይዘው ሲደርሱ ሚስትየዋ ምጥ ላይ ናት፤ አዋላጇን በረዶ መንገድ ላይ አስቀርቷታል፤ ባልየው የተወለወለ ወለል ይወለውላል። ዕቃቸውን አስቀምጠው የሴትየዋን እጅ ያዙ።

«ትሄጃለሽ እንዴ?» አለቻቸው።

«የት እሄዳለሁ? ዳቦው እንደሆነ ተጋግሯል» አሏት።

አዋላጇ ደርሳ ልጁ በሰላም እስኪወለድ ሰባት ሰዓት እጇን አለቀቁም። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ቤቱን ለባለቤታቸው ትተው፣ ሥልጠና ወስደው የወሊድ አጋዥ ሆኑ። «አዋላጇ ሕፃኑን ትጠብቃለች፣ እኔ እናቲቱን» ይሉ ነበር። ወገብ ያሻሉ፣ ውኃ ያቀርባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

ዝምታው ያቃታቸው አንድ ጊዜ ነው። የልቸ በ2005 የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እርሳቸው ከሐኪሙ ጋር ተከራከሩ፣ አለቀሱ፣ ልጃቸውንም አስፈሩ፤ በመጨረሻ የልቸ ራሷ አስወጣቻቸው። ለሰው ሁሉ የሆኑት ለገዛ ልጃቸው አለመሆናቸው ለአራት ዓመት ሲከነክናቸው ኖረ። ሁለተኛውን ስታረግዝ ግን የልቸ ራሷ ጠራቻቸው።

«እማዬ፣ እንደ ባዕድ ልጅ ቁጠሪኝ። ካለቀስሽ በሩ ያውልሽ።»

«አፌን በብስኩት እሞላዋለሁ» አሏት።

እንዳሉትም አደረጉ። አሥራ አንድ ሰዓት በፈጀው ምጥ፣ በአንድ እጃቸው የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ እንባ በመጣ ቁጥር በሌላው ብስኩት እየጎረሱ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ጨረሱ። ማረ የምትባል የልጅ ልጅ በሰላም ተወለደች። ጠያቂ ሲመጣ ከብስኩቱ አንድም አልተረፈም፤ አቶ ዳውወ እየሳቁ ሌላ ሊጋግሩ ሄዱ።

ወይዘሮ ሪንስከ ባለፈው ዓመት ባደረባቸው የጣፊያ ሕመም በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተዋል። የልቸ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ እንባዋ ሲመጣ አይናቸውን ገለጥ አድርገው «ካለቀስሽ በሩ ያውልሽ» አሏት። ሁለቱም ሳቁ። የልቸም እጃቸውን እንደያዘች፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2023 ረፋድ ላይ በሰባ አራት ዓመታቸው በሰላም አረፉ።

ወይዘሮ ሪንስከ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እጃቸውን ጨብጠው የወለዱ ብዙ እናቶችን ትተዋል። በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ ከቀብር መልስ የሚቀርበው ሮዝና ሰማያዊ እንስላል የተነሰነሰበት ብስኩት ነው። እንግዶች ሳያፍሩ እንዲጎርሱ ቤተሰቡ ይጠይቃል።

ለስንቱ መጪ በር ላይ የቆዩትን እናታችንን፣ እግዚአብሔር በደጁ ቆሞ እጃቸውን ይዞ ያስገባቸው።