በዘጠነኛው ዓምድ ስለተሞሉት ስድስት ዜሮዎች

ለተከበሩ የቤት ውስጥ ሕክምና መሣሪያዎች ቁጥጥር መምሪያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ሙሉ፣ ትንፋሽዎ ረጅም ይሁን፤ ደረጃ ሲወጡም መሐል ላይ ቆሞ ማረፍ አይምጣብዎ። እኔ በመምሪያዎ ኮሪደር፣ አንድ እግሩ በተሰበረው አግዳሚ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ቀን ደጅ የጠናሁት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጠጋኝ ነኝ። ፊቴን ባያውቁት እንኳ ጫማዬን ያውቁት ይሆናል፤ ሲያልፉ ወደ ወለሉ ነበር የሚያዩት። በአደባባይ የምጽፍልዎም ደፍሬ ሳይሆን፣ በበሩ በኩል ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች የገቡበት ስለጠፋ ነው።

ጉዳዩ የእናቴ የኦክሲጅን ማሽን ነው። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ ዛሬ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ያለውን ሰባት እርምጃ ለመራመድ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ በተሞላለት ልክ በደቂቃ ሁለት ሊትር ይሰጣታል። ሐኪሟ አራት ይሁን ብሎ ካዘዘ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ማሽኑ ግን እሺ አላለም። እሺ እንዳይል ያደረገው የመምሪያዎ ጥንቃቄ በመሆኑ አስቀድሜ እጅ እነሣለሁ።

ነገሩ ለሌላውም አንባቢ እንዲገባ ላስረዳ። በማሽኑ ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ማሽኑን በሚያዘው ቺፕ ውስጥ፣ ሥራው ማኅተም ማረጋገጥ ብቻ የሆነ ክፍል አለ። ሆስፒታሉ የሚልከው ትእዛዝ ሁሉ በምስጢር ቁልፍ፣ ማለትም በረጅም የምስጢር ቁጥር፣ የተሰላ ማኅተም ይዞ ይመጣል፤ ያ ክፍል በጉያው በያዘው ቁልፍ ማኅተሙን ራሱ አስልቶ ያስተያያል፤ ከገጠመ ማሽኑ ይታዘዛል፣ ካልገጠመ አይታዘዝም። ቁልፉን በቺፑ ላይ የምትጽፉትም ለሆስፒታሉ የምታስተላልፉትም እናንተ ናችሁ፤ አንዴ ከተጻፈ አይሰረዝም፣ ሌባ እንዳያገኘውም ማንም ሊያነበው አይችልም። አንብብ ቢሉት ዜሮ ብቻ ይመልሳል፤ ዜሮው ደህና ተቆልፏል ማለት ነው። የቁልፍ ቦታው በጠቅላላው ስድስት ነው።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

፩. ቅጻችሁ በዘጠነኛው ዓምድ «የተነበበው ቁልፍ» ብሎ ስለሚጠይቅ አመሰግናለሁ። ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው፣ መዝጋቢዎም የጻፉትን ቁልፍ ካላነበቡ አላምንም ብለው አነበቡ፤ ዜሮ ሆነባቸው። አልተጻፈም ብለው በሁለተኛው ቦታ ሌላ ቁልፍ ጻፉ፤ አሁንም ዜሮ። እንዲህ እያሉ ስድስቱንም ቦታ ጨረሱ። ስድስቱም መስመሮች በመሞላታቸው ቅጹ ተሟልቷል ተብሎ ማሽኑ ታሽጎ ተሰጠን።

፪. ደንቡ ያልሠራ ቁልፍ ይወገድ ስለሚል፣ ቁልፎቹ የሰፈሩባቸው ወረቀቶች ዜሮው በተመዘገበ ቁጥር ስለተከተፉ አመሰግናለሁ። እነሆ በእናቴ ማሽን ውስጥ ስድስት ትክክለኛ ቁልፎች ተቀምጠዋል፤ የሚያውቃቸው ሰው ግን በምድር ላይ የለም። ምስጢር በዚህ ልክ የጠበቀ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

፫. ምክትልዎ ደግሞ ቦታዎቹ ባዶ ናቸው ብለው ስለጸኑ አመሰግናለሁ። ማረጋገጫ ክፍሉን በመገናኛ ገመዱ በኩል ቀስቅሼ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ቦታዎች በየተራ መድቤለት፣ ሐሰተኛ ማኅተም ያለው ትእዛዝ ሰጠሁት። ባዶ ቢሆን ኖሮ ቁልፍ የለኝም ይል ነበር፤ እሱ ግን ስድስት ጊዜ አስልቶ ስድስት ጊዜ አይገጥምም አለኝ። ውጤቱን አትሜ ባቀርብ፣ ቅጹ ዜሮ ስለሚል ቅጹ ይበልጣል ተባልኩ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ጭምብሏን ከፍ አድርጋ፣ «ዜሮ ማለት ምንም ማለት ነው ያላቸው ማነው? እኔስ አላስተማርኳቸውም» አለችኝ። ከዚያ ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ውሃ አመጣሁላት።

መድኃኒቱ አራት ሊትር የተሞላለት አዲስ ቺፕ ነው፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መቀየሩ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ያን ያህል ጊዜ የምትቆይበትን የኦክሲጅን ሲሊንደር ከጎረቤት ለምኛለሁ። የጎደለኝ የእርስዎ ፊርማ ነው፤ ያለ ፊርማዎ የተከፈተ ማሽን ይወረሳልና። ክቡር ሆይ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ትናንት ጠዋት ጸጉሯን ስታበጥር ክንዷ መሐል ላይ ከዳትና «የቀረውን ነገ» ብላ ማበጠሪያውን ሰጠችኝ። ግማሽ ጸጉሯ ተበጥሮ፣ ግማሹ ሳይበጠር ዋለ። ጥፍሮቿ ሰማያዊ ሆነዋል። ቀልዱም ፌዙም እዚህ ላይ ያበቃብኛል፤ እባክዎን ይፈርሙልኝ።

እስከ ሐሙስ ቢሮ መክፈቻ ድረስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እከፍተዋለሁ። ሊወርሱት የሚመጡት ባልደረቦችዎ ደረጃውን በቀስታ እንዲወጡ ያሳስቡልኝ፤ እናቴ ተኝታ ይሆናል።

ትዕግሥቴን በአግዳሚ ወንበርዎ ላይ የጨረስኩት፣ ሆኖም አክብሮቴን እስካሁን ያላነሣሁት፣ ቅጽዎን እንደ ጸሎት በቃሌ የያዝኩት፣

የሒሳብ አስተማሪዋ ልጅ፣ ጠጋኙ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሳጥፍ የመምሪያዎ መልስ ደረሰኝ፤ ለዳግም ንባብ ማሽኑና ታማሚዋ በአካል ይቅረቡ ይላል። ታማሚዋ ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም፤ ይዣት እመጣለሁ። ምናልባት ተራዋ ደርሶ ስትጠሯት መልስ ካልሰጠች፣ ዘጠነኛውን ዓምድ ለመሙላት አትቸገሩ፤ ያኔ ዜሮው ትክክል ይሆናል።