ሓድጉ እየሰማ ስለ ድርቆሽ ማሰሪያዬ የሰጠሁት ቃል

በፈጠሩኝ በሥላሴ ፊት፣ ከእነርሱም በታች በአራት ሰዎች ፊት ቃሌን እሰጣለሁ።

እኔ ታመነ ወልደሰንበት፣ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት፣ ዛሬ መስከረም 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ቁሓ በሚገኘው ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ ተቀምጬ እናገራለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። የታመመው ወገቤና ልቤ ነው፤ ልቤም ቢሆን ታመመ የሚለው ሐኪሙ ነው። እስካሁን አንዷን ላም በእጄ አልባለሁ። ከማሽን ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ግራሶ እቀባለሁ፤ ለመነሣት ብቻ ሰው ይጎትተኛል። በድርቆሽ ማሰሪያው ማሽን መርፌ ሲባጎ ያለ መነጽር እሰካለሁ። ከፊደል የማውቀው ስሜን ለመጻፍ የሚበቃኝን ያህል ነው፤ ስለዚህ የሚጽፍልኝ የባለቤቴ የእኅት ልጅ ኤልሳዕ ነው። ኤልሳዕ የቢሮ ሰው ስለሆነ ቃል ማሳመር ይወዳል። አታሳምር ብዬዋለሁ። ያልሁትን ጻፍ፤ ሰው ጣልቃ ቢገባም ያለውን ጻፍ፤ ኋላ አላልሁም እንዳይል።

ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው። ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ መምህር ባርናባስ አንድ። የዕድራችን ዳኛ አቶ ኣታኽልቲ ሁለት። ግድግዳ የምንጋራው ወይዘሮ ኣዳነች ሦስት። አራተኛው ሓድጉ ወልደገብርኤል ነው። ሓድጉን የጠራሁት ወድጄው አይደለም። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ ጠበቃ «በኑዛዜ ላይ ምስክር የሆነ ሰው ከዚያ ኑዛዜ አይጠቀምም» ብሎኛል። አስደግሜ ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ ሓድጉ ተቀምጦ ይስማ፤ ሰምቶም ይፈርም። እኔ ከሞትሁ በኋላ ሽማግሌ ሰብስቦ «ኣያ ታመነ ማሽኑን በቃሉ ሰጥቶኛል» እንዳይል በገዛ ፊርማው አፉን ይዝጋ። ይህን ስናገር ሓድጉ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ዝም ብሏል። ዝምታው ይጻፍ።

አንደኛ። ስሞት ከባለቤቴ ከለተመድህን መቃብር በቀኝ በኩል ቅበሩኝ። በግራዋ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የጽድ ችግኝ ይተከል። ሥሩ ሰፊ የሚሆን ጥሩ ችግኝ ይመረጥ። ወይዘሮ ኣዳነች «ለጥላ ነው ወይስ ለአጥር?» ብላ ጠይቃለች። ለጥላ ነው።

ሁለተኛ። ቤቱ የልጆቼ የፍሬወይኒና የደመላሽ ነው። ፍሬወይኒ ትኑርበት። ደመላሽ አዲስ አበባ ሥራ አለው፤ ሲመጣ የሚያርፍባት የጓሮዋ ክፍል የእርሱ ናት። ቤቱን እንሽጥ ቢል ግን አባትህ አላለም በሉት።

ሦስተኛ። ላሞቹ ሁሉ የፍሬወይኒ ናቸው። እርሷ ናት በሌሊት ተነሥታ ወተቱን ለቡና ቤቶቹ የምታደርሰው። ዳልቻ የምትባለውን ላም በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር። ዳልቻ እኔ ሳልባት ጡቷን ካላሻሸሁ፣ ካልዘፈንሁላት ወተቷን አትለቅም። ሓድጉ በአጥሩ በር ሲገባ ግን ድምፁን ሰምታ ትለቃለች። ከብትም ያዳላል። ቢሆንም ላሟ የፍሬወይኒ ናት።

አራተኛ። ዕዳን በተመለከተ፣ የማሰሪያውን ማርሽ ጥርስ በብየዳ ለሞላልኝ ሰው የቀረው ክፍያ አለ። ግራሶ ለሚሸጥልኝም እንዲሁ። ደግሞ ለ... በቃ ኤልሳዕ፤ ከዚህ በላይ አትጻፍ። የቀረውን በእግሬ ሄጄ ራሴ እከፍላለሁ። የታመነን ዕዳ ልጆቹ ከፈሉለት አይባልም።

አምስተኛው ዋናው ነው፤ ሁላችሁም የመጣችሁት ለእርሱ መሆኑን አውቃለሁ። የሣር ማጨጃዬና የድርቆሽ ማሰሪያዬ ጉዳይ ነው።

እንዴት ወደ እጄ እንደገቡ ይጻፍ። በ1986 ዓ.ም. አንድ እርሻ ፈርሶ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ትራክተር፣ ማጨጃና ማሰሪያ ቀርቦ ነበር። እኔ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ የትራክተር ሠራተኛ ነኝ፤ ዐይኔ ትራክተሩ ላይ ነበር። ሓድጉ ዋጋ ጨምሮ ወሰደብኝ። እኔም እልህ ያዘኝና ማጨጃውንና ማሰሪያውን ከአፉ ነጠቅሁት። ቤት ስደርስ ለተመድህን «ጎሽ! ምን ይጎትታቸዋል?» አለችኝ። ሓድጉም የሚጎተት የሌለው ጎታች ይዞ በሩ ላይ አቆመ። አንድ ክረምት ሙሉ እኔ የእርሱን፣ እርሱ የእኔን እያየን ከረምን። በመጨረሻ «አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች እንደሚያደርጉት ተቀናጁ» ያለችን ለተመድህን ናት። ስለዚህ በመቀናጆ ሕግ ገባን፤ አንድ ቀን የእኔ ሜዳ፣ አንድ ቀን የእርሱ ሜዳ ይታጨዳል። የአንዱ በሬ ቢታመም ሌላው ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ሌላ ጥንድ አይፈልግም። ይኸው ሃያ ዓመታችን ነው።

መለዋወጫ የሚባል ነገር ገዝቼ አላውቅም። ለአዲስ መለዋወጫ የሚበቃ ገንዘብ ካለኝ ላም እገዛለሁ። የማጨጃው ጥርስ ሲያልቅ ከአሮጌ ጭነት መኪና የባሌስትራ ብረት እያስቀጠቀጥሁ ተካሁት። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከተጣለ ሚኒባስ የመጣ ነው። ማሽከርከሪያ ቺንጋውን ከጎማ ቆርጬ በጠፍር ሰፋሁት። ይህን ሁሉ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰው ግን በሜዳው አጠገብ ሲያልፍ የሚያየው ከላይ ተቀምጦ የሚነዳውን ነው። «ሓድጉ ድርቆሹን አሰረው» ይላሉ። ትራክተር ድርቆሽ ያስራል?

ሲባጎውም ሌላ ነው። አዲስ ሲባጎ ውድ ስለሆነ ላሞቹ ከበሉት እስር ላይ የተፈታውን መልሰን እንጠቀማለን። ጫፍና ጫፉን ብትቋጥረው ግን ቋጠሮው መርፌው ዐይን ላይ ይወተፋል። ለተመድህን ዘዴ አገኘችለት። ጫፎቹን በትና እንደ ሹሩባ እርስ በእርስ ትጎነጉናቸው ነበር፤ ያለ ቋጠሮ። ለዚህ ሥራ ሌላውን ጫፍ ወጥሮ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ማሽን ሥር ነኝ። የሚይዘው ሓድጉ ነው። እነርሱ በትግርኛ ሲቀልዱ እኔ ግራሶ ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ እሰማለሁ። ትግርኛ እችላለሁ። ቀልድ ላይ ብቻ አንዲት ትንፋሽ እዘገያለሁ፤ እነርሱ ስቀው ሲጨርሱ እኔ እጀምራለሁ። ምሳ ስታመጣም ሰዋውን፣ ጠላውን ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ የምትቀዳው ለእርሱ ነበር። ለምን ስላት «እንግዳ ነው» ትለኛለች። በየዓመቱ የማይቀር እንግዳ!

ሓድጉ ከእኔ በፊት ለእርሷ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ ለእኔ ሰጡ። እርሷ ስትጠየቅ «አባቴ ያለው ይሁን» አለች። ይህን ቃል አርባ ዓመት አላምጬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ሓድጉም አላገባም። ለምን እንዳላገባ ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን አልፈልገውም።

አንዴ እኔ ታምሜ ተኝቼ ሓድጉ ብቻውን ማሰሪያውን ነካው። ማሰሪያው ላይ እንዲሰበር ተብሎ የሚገባ ለስላሳ ብሎን አለ፤ ድንጋይ ሲገባ ብሎኑ ተሰብሮ ማሽኑ ይተርፋል። ሓድጉ ቶሎ ቶሎ ተሰበረብኝ ብሎ ጠንካራ የመኪና ብሎን ከተተበት። ብሎኑ ተረፈ፤ የማርሹ ጥርስ ረገፈ። ለተመድህን ምን አለች? «ምስኪን፣ እጁ ተላጠ» አለች። ለማርሹ ማን ያልቅስለት?

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። እኔ ስሞት ማጨጃውም ማሰሪያውም ተቆራርጦ በኪሎ ለብረት ነጋዴ ይሸጥ። እኔ ጠግኜ ያቆምሁትን ሌላ ሰው አይነዳውም።

ፍሬወይኒ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። «አባባ፣ ላሞቹስ ምን ይበላሉ?» አለች።

«ድርቆሽ ይገዛላቸዋል» አልሁ።

«በምን?» አለች። ቀጥላም ወደ ሓድጉ ዞረች። «ኣቦይ ሓድጉ፣ እስቲ አንድ ነገር በሉ።»

ይህም ይጻፍ። እኔን አባባ ትላለች፣ እርሱን ኣቦይ። ሁለቱም አባት ማለት ነው፤ እናቷ የገዛ አባቷን የምትጠራው ግን በሁለተኛው ነበር።

ሓድጉ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። «አልፈርምም» አለ።

«ማሽኑን ስለፈለግኸው ነው» አልሁት።

«ምንም አልፈልግም፣ ኣያ ታመነ። ለእኔ አንዲት ብሎን አይጻፍልኝ። ግን በሬ ሲታረድ ምስክር አልሆንም።»

«ብረት እኮ ነው!»

«ሃያ ዓመት በሬዬ ሲሉት ነበር።» አንቱ እያለኝ ነው ይህን የሚናገረው። አንቱታው ነው የሚያቃጥለኝ።

መምህር ባርናባስ መነጽሩን አውልቆ «ምስክሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ኑዛዜው ይፈርሳል» አለ። ኣታኽልቲ «ከመንገድ አንድ ሰው ልጥራ?» ብሎ ተነሣ። አይሆንም አልሁ። የመንገድ ሰው ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው የዚህን ሰው ፊርማ ነው። ኣዳነች ሳቀች። «ወይ ጉድ፣ ኑዛዜውንም ያለ ሓድጉ የሚጎትትልዎ ጠፋ?» አለች። ሳቋ ይጻፍ፤ ንግግሯ ይሰረዝ። ኤልሳዕ ቀድሞ ጽፎታል።

ሓድጉ እንዲህ አለ፦ «አንድ ቃል ይቀየርልኝ። ይሸጥ የሚለው ወጥቶ ለፍሬወይኒ ይሁን ይባል። እኔ ፈርሜ ባዶ እጄን እሄዳለሁ።»

«ኋላ እርሷ ትሰጥሃለች፤ ኣቦይ ትልህ የለም?»

«አትሰጠኝም። እኔ ነኝ የምሰጣት። ልጅ የለኝም፤ ትራክተሩ የእርሷ ነው። ጥንዱ አይለያይ። ጻፈው፣ ኤልሳዕ።»

በእኔ ኑዛዜ! በእኔ ቤት፣ እኔ በገዛሁት ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ይናዘዛል? «እንዳትጽፍ!» አልሁ። ኤልሳዕ ብዕሩን አንሥቶ ፍሬወይኒን አየ። ፍሬወይኒ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ትጠርጋለች። ላሞቼን በሙሉ ስሰጣት አላለቀሰችም።

መምህር ባርናባስ «የእርሱ በዚህ ወረቀት አይጸናም፤ የራሱ ኑዛዜ ያስፈልገዋል» አለ። ደስ አለኝ። ሓድጉ ግን ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲያውስ በዚህ ሳምንት አጽፋለሁ። አራተኛ ምስክሬ ኣያ ታመነ ይሁኑልኝ። እርስዎ ካልፈረሙ ይፈርሳል» አለኝ።

እምቢ ብል ልጄን ትራክተር ከለከልሁ። እሺ ብል እስከዚያ መሞት አልችልም። ሓድጉ ይህን አስቦ ይሁን ሳያስብ አላውቅም፤ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም፤ ዱሮም አልነበረም። «እሺ፣ እፈርማለሁ» አልሁ። «ግን ስሜን በትልቁ ነው የምጽፈው።»

እንግዲህ አምስተኛው እንዲህ ይታረም። ማጨጃውና ማሰሪያው አይሸጡም፤ የፍሬወይኒ ናቸው። ምክሬ አብሮ ይጻፍላት። ጤዛ ሳይለቅ አትጨጂ፤ የረጠበ ድርቆሽ ክምሩ ውስጥ ይሻግታል። ግራሶ ጠዋት ነው የሚቀባው፤ ሥራ ከተጀመረ በኋላ የሚቀባ ግራሶ ለሰው ዐይን ነው። ሲባጎውን እንደ እናትሽ ጎንጉኚ። ለስላሳውን ብሎን በጠንካራ አትለውጪ፤ ቶሎ ቶሎ ቢሰበርም ሥራው መሰበር ነው። ሓድጉ ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ምክር ቢሰጥሽ ስሚው። ማሰሪያው ሥር ከገባ ግን አስወጪው።

ስድስተኛ። ይህን አሁን ጨመርሁት። ሣሩ ደርሷል፤ ነገ አጨዳ ይጀመራል፤ የዘንድሮው መጀመሪያ ተራ የእኔ ሜዳ ነበር። ተራዬን ለሓድጉ ሜዳ ሰጥቻለሁ። ይህ ውርስ አይደለም፤ በሕይወቴ ሳለሁ የሚደረግ ስለሆነ ሕጉ አይከለክለውም፤ መምህር ባርናባስን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሓድጉ በቤቴ፣ በልጄ ፊት በስጦታ በልጦኝ አይሄድም። ሓድጉ «ግድ የለም፣ የእርስዎ ይቅደም» ብሎ ነበር። አይቀድምም አልሁት። «ኧረ ይቅደም» አለ። ኣታኽልቲ በዕድር ዳኝነቱ ገብቶ የሓድጉ ሜዳ እንዲቀድም ወስኗል። አሸንፌያለሁ። ወንበር ይውጣልኝና ከሜዳው ዳር ተቀምጬ አያለሁ፤ ብሎኑን እኔ ነኝ የምመርጠው።

ይህ ቃል የእኔ ነው። ኤልሳዕ ከላይ እስከ ታች ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ አራቱም ምስክሮች ሳይወጡ ሳይገቡ ሰምተዋል። አሻራ አልፈልግም፤ ስሜን ራሴ እጽፋለሁ። ሓድጉ ድቁና የተማረ ስለሆነ እጀ ጽሑፉ ያማረ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በታች፣ በትንሹ ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ ታመነ ወልደሰንበት (በራሳቸው እጅ፣ ሁለት መስመር ይዞ)

ጸሐፊ፦ ኤልሳዕ

1ኛ ምስክር፦ መምህር ባርናባስ

2ኛ ምስክር፦ ኣታኽልቲ

3ኛ ምስክር፦ ወይዘሮ ኣዳነች

4ኛ ምስክር፦ ሓድጉ ወልደገብርኤል (በትንሹ ጽፏል፤ ተናዛዡ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አይተው «አሁንም ያምራል» ብለዋል)