ግቢዬን የያዘው የጀርመን መኪና

ሰኞ

ዛሬም የመጠጥ ውሃዬን ለዚያ ብረት አጠጣው። ሁለቱንም ጀሪካን! ስጮህበት የባሌ የሙሳ መልስ ዝግጁ ነው፦ «የቧንቧው ውሃ ጨው ነው ዘሀራ፣ ቦይለሩን ይበላብኛል።» የኔን ኩላሊት ቢበላ ግድ የለውም ማለት ነው።

እኔ ራሴ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ መጀመሪያ ዝም አልኩ። የስኳር በሽታው ዓይኑን አድክሞት መንጃ ፈቃዱን አናድስም ሲሉት ባሌ እቤት ዋለ። ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው እቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያየሁት እኔ ነኝ። ግድግዳ እያየ ይቀመጣል። ምግብ ሳቀርብለት «ኋላ» ይላል። እና ያን አሮጌ ቦይለር ከአንድ የፈረሰ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ጎትቶ ሲያመጣ «ደግ፣ እጁ በሥራ ይፍታታ» አልኩ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ?

አሁን ግቢዬ ውስጥ ሞተሩ የወጣለት ፒክአፕ፣ ላዩ ላይ ቦይለር፣ ቦይለሩ ላይ ጭስ ማውጫ፣ ዙሪያውን የከሰል ጆንያ። ልብስ የማሰጣበት ገመድ ተበጥሷል። ከሱቄ በጓሮ በር ወደ ቤት ለመግባት እንደ ፍየል በጎን መሹለክ አለብኝ።

ማክሰኞ

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ነፋሱም አቧራውን ይዞ ጀምሯል፣ ሩዙ ላይ ሳይቀር አሸዋ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ወጣት ሳለ ወደቡ ጋራዥ ውስጥ ከሚያውቀው አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሰውዬው ሀገሩ ሲገባ አንድ ፎቶግራፍ ሰጠው፤ ጭስ ማውጫ ያለው የጭነት መኪና። ሙሳ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል፣ እኔም ሳልፈልግ ሸምድጄዋለሁ። ጀርመኖች ድሮ ነዳጅ ከሰው ሀገር ከምንገዛ ብለው በእንፋሎት የሚሄድ የጭነት መኪና ሠሩ። ባቡር መሥሪያ ቤታቸው ሳይቀር ዕቃ ጫነበት። ማርሽ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። «ታዲያ ለምን ተዉት?» አልኩት። «ናፍጣው ቀለለላቸው። ለዚህኛው እሳት ማንደድ፣ ውሃ መሙላት፣ መጠበቅ ነበረባቸው።» ጀርመኖች ራሳቸው የተዉትን እዚህ ሰፈራችን ካርቲየ ሰባት ውስጥ ማንሣት ምን የሚሉት ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ በርጫው ነው። ጫቱ እንደደረሰ መፍቻው ይወድቃል። ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ይደረደራሉ፤ ከወደቡ ክሬን ጡረታ የወጣው ዋርሳማ ሁሌም ከፊት። በምርቃና ሰዓት ሁሉም መሐንዲስ ነው። መኪናው በወሬያቸው አርታን አልፎ ድንበሩ ላይ ገላፊ ይደርሳል። ምርቃናው ሲበርድ ግን ብሎን የሚያጠብቅ አንድ ሰው አይገኝም።

ረቡዕ

መብራት የለም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ወተት ተበላሸ። ሦስት ደንበኛ «ግቢሽ ውስጥ ምንድን ነው የምትሠሩት?» አሉኝ። አረቄ የምናወጣ ሳይመስላቸው አልቀረም፣ አስተግፍሩላህ!

ልጄ ረሒማ ከድሬዳዋ ደወለች። አማረርኩላት። «እማዬ፣ አባዬ ይበላል?» አለችኝ። ይበላል። «ይስቃል?» ይስቃል። «እንግዲህ ተይው።» እሷ ምናለባት፣ እዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣለች።

ድል፦ የልብስ ገመዴን መልሼ ዘረጋሁ። ከጭስ ማውጫው ጋር አሰርኩት።

ሐሙስ

ለካ ይሄዳል! በጠዋት፣ ጓደኞቹ ሳይመጡ፣ የመኪናውን ኋላ በክሪክ አንሥቶ እሳት ለኮሰ። ብዙ ቆየ። ላብ በላብ ሆኖ አንዱን መዘውር ሲያዞር ጎማው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ዞረ። ሙሳ «አቦ! አየሽ? አየሽ?» እያለ እጄን ይጎትታል። አየሁ። ሳላስበው ሳቅኩ፣ ኋላም በራሴ ተናደድኩ።

አንድ ነገር አስተማረኝ። ቦይለሩ አናት ላይ ግፊቱ ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣ ቫልቭ አለ፤ ያፏጫል፣ ጆሮ ያደነቁራል። «ይሄ ሲያፏጭ አትፍሪ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያስፈራው ሞቆ ዝም ሲል ነው» አለኝ። ጎረቤቶቼ ግን አንዷ በመስኮት፣ አንዷ በግንብ ላይ ሰደቡኝ።

ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ አስፋልቱ ድረስ እነዳዋለሁ ብሏል። ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። አንተ በዚያ ዓይንህ? ስለው «መንገዱ ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። ይህን የመለሰልኝ በቁም ነገር ነው።

ዓርብ

ቀኝ እጄ በፋሻ ታስሯል፣ በግራዬ ነው የምጽፈው። አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን።

ከጁምዓ መልስ እሳቱን አቀጣጠለ። ጫቱ መጣ፣ በረንዳው ሞላ። እኔ ሱቅ ነኝ። ቫልቩ ያፏጫል፣ እኔም እሱን እየሰማሁ ሰላም ነው እላለሁ። አንዴ ዝም አለ። እፎይ አልኩ፤ አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት! አንዲት ደንበኛ ሩዝ ልመዝንላት ስል የሁለት ኪሎው የሚዛን ድንጋይ የለም። ከጠረጴዛው ሥር ፈለግሁ፣ ጓሮ ልፈልግ ወጣሁ።

የሚዛኔ ድንጋይ ቫልቩ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ፉጨቱ ምርቃናቸውን ረብሾባቸው አፉን ዘግተውታል! የግፊቱ ጠቋሚ ከቀዩ አልፏል። ቦይለሩ ውስጥ የሆነ ነገር ያጉረመርማል። እነሱ ከዚያ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ትራስ ተደግፈው፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ ይመለከቱኛል።

«ውጡ! ውጡ!» አልኩ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ቶሎ አይነሣም። አካፋውን ያዝኩና ፍሙን ከምድጃው እየዛቅሁ አሸዋው ላይ ጣልሁት። የእጄን መቃጠል ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ሙሳ ነቃ። ሌሎቹን እየገፋ ወደ መንገድ አስወጣቸውና በረጅም እንጨት ከግንቡ ጥግ ሆኖ ድንጋዩን ፈነቀለው። የወጣው ጩኸት! ግቢው ነጭ ሆነ፣ ያሰጣሁት ልብስ ከነገመዱ በረረ።

«ማነው የሰቀለው?» አልኩ። ሙሳ መሬት መሬት ያያል። ኋላ ዋርሳማ «እኔ ነኝ» አለ። ልመታው ነበር።

ቅዳሜ

ዋርሳማ ቤት ድረስ ሄጄ፣ ሚስቱ ፊት፣ ያለኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። በአማርኛ ጀመርኩ፣ በሶማሊኛ ቀጠልኩ። «ባሌን ልትገድልብኝ ነበር!» አልኩት። የዚያ ምላሰኛ ሰውዬ መልስ «ሐቅሽ ነው እህቴ፣ ወላሂ ሐቅሽ ነው» ብቻ። ይህ ደግሞ የባሰ አበገነኝ፤ የሚከራከር ሰው ነበር የፈለግሁት።

ሙሳ ምሳ አልበላም። ራቱንም «ኋላ» አለኝ። ያቺ ቃል ተመለሰች። ግድግዳውን እያየ ነው የዋለው።

እሑድ

ጠዋት ፋሻዬን ሊቀይርልኝ ተቀመጠ። በደከመ ዓይኑ የፋሻውን ጫፍ እየፈለገ፣ ቀና ሳይል፣ «ድንጋዩን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

«ቫልቩ ጮኸብን አሉ። ዝም ላሰኘው ብዬ ተነሣሁ። ዋርሳማ ሊሸፍንልኝ ብሎ ነው ‹እኔ ነኝ› ያለው። ፍሬን ሳልፈትሽ ከጋራዥ ወጥቼ የማላውቅ ሰውዬ፣ ዘሀራ፣ እኔ!» በሽርጡ ፊቱን ጠረገ።

መናደድ ነበረብኝ። ንዴቴ ግን ትናንት ዋርሳማ ላይ አልቋል። ፈራሁ እንጂ አልተናደድኩም፤ ለመኪናው አይደለም፣ ለእሱ።

«ይውሰዱት» አለ። «ነገ ብረት ገዢዎቹን እጠራለሁ።» ፋሻውን ቋጠረ። ከዚያ፣ «ሰፈሩን ምን እላለሁ? ሁሉም አስፋልቱ ላይ ሊያየኝ ሲጠብቅ ነበር» አለኝ። ቀና ብሎም፦ «ዘሀራ ከለከለችኝ ብል ምን ይመስልሻል?»

አየሁት። ከዛሬ ጀምሮ በካርቲየ ሰባት፣ ከመስጊዱ ደጅ እስከ ጫት ሻጮቹ፣ የባሏን መኪና ያስጣለች ክፉ ሴት ልባል ነው። አስቀድሞም ቢሆን ምላሳሟ እኔ ነኝ። «በል» አልኩት። «ጮኸችብኝም በል።»

ጫቱ መጣ። ሱቅ ሆኜ ሰማሁት፤ «ምን ላድርግ ጎበዝ፣ ሴትዮዋ አበደች!» ይላል። አንዱ ሳቀ። አንዱ «የሴት ነገር!» አለ። የዋርሳማ ድምፅ አልተሰማም። ሙሳ ግን መጨረሻው ላይ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጥያቄ ቢጨምሩለት ያለቅስ እንደነበር አውቃለሁ።

ደንበኛዬን ትቼ የጓሮውን በር በእግሬ ከፈትኩት።

«ነገ ይሄ ጉድ ከግቢዬ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ!» አልኩ፣ ሰፈር እስኪሰማ። «ከኔና ከብረቱ ምረጥ!»

ሙሳ አንገቱን ደፍቶ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ «ሰማችሁ?» አላቸው።