አዝማሪው ከማን ሰማ?

ኡዘይር፣

ጎንደር አዝማሪ ቤት ከእቴነሽ ወንድም ከምስጋናው ጋር ተቀምጠን ነበር። እንግሊዞች አዝማሪን «ሚንስትረል» የሚሉበት ቃል ድሮ የጌታ ቤት አገልጋይ ማለት እንደነበር ለምስጋናው ሳስረዳው አዝማሪው ሰማኝ። «የቤት አገልጋይማ ምስጢር ያውቃል!» ብሎ ማሲንቆውን አነሳ፦

«ከደሴ ድረስ መጣ ጎንደር ሊያይ መስሎ፣
ሽማግሌ ሊልክ እቴነሽን ብሎ።»

ምስጋናው ብርጭቆውን አስቀምጦ ዞሮ አየኝ። እስካሁን አላናገረኝም።

እኛ ደሴ ወሬ ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ። ሐሳቤን ካንተ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። አጎትህ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ይነግዳሉ።

እናትህን እትዬ ሃጂራን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። አንተን ግን ዓይንህን ሳላይ ሰላም አልልህም።

አዳሙ