ከፍልውሃው ሳይደወል የቀረው ስልክ

ሲያትል፣ ዴ ሞይን
መጋቢት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለውባንቺ ሀብተሥላሴ
ቡታጅራ

ውቤ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ሰላምታዬ ካንቺ አልፎ ለእማማ አፀደ፣ ለብዙነህና ለሐዘንተኛው ሁሉ ይድረስ። እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጣችሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራም አላቋረጥኩም።

ስደውል አታነሺም። ቫይበር ላይ የጻፍኩልሽን ማየትሽን ስልኩ ያሳየኛል፣ መልስ ግን የለም። አልፈርድብሽም። ሐምዲያ ለወንድሟ ሰርግ ቡታጅራ ልትሄድ ነው ሲሉኝ ስካይዌይ ሰፈር ያለው ሱቋ ድረስ ሄጄ “ሻንጣሽ ውስጥ ለአንድ ፖስታ የሚሆን ቦታ አይጠፋም” ብዬ ለመንኳት። ስልክ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን ጨምድደሽ ብትጥይውም ተመልሰሽ እንደምታነሺው አውቅሻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። መኪናሽን ባትሪው እንዳይሞት ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሳዋለሁ፤ አልነዳውም፣ ዝም ብዬ ውስጡ እቀመጣለሁ። የኦበርኑ መጋዘን አለቃሽ ደውሎ ነበር፤ ቦታሽ እስክትመለሺ ይጠብቅሻል ብሏል። መስኮቱ ላይ ያለችውን ጤና አዳም ውሃ አብዝቼባት ልትሞት ነበር፣ አሁን አገግማለች። የማኅበራችን ጋሽ አሰፋ ቤተ ክርስቲያን ባገኙኝ ቁጥር ስላንቺ ይጠይቁኛል። “ደህና ናት፣ ትደውላለች” እላቸዋለሁ። ይኸው አንድ ተጨማሪ ውሸት።

አሁን ወደዚያ ጉዞ ልምጣ። ያኔ ስትሄጂ አንድም ቃል ለማስረዳት ፋታ አልሰጠሽኝም፤ ብትሰጪኝም የምናገረው አልነበረኝም።

ጉዞው የእኔ ሐሳብ ነበር። ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ የማልፍበት ኮሪደር ላይ ያ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ በረዶ መሃል የሚጨስ ውሃ፣ ከውሃው ብቅ ያሉ የሰው ጭንቅላቶች፣ በላያቸው የሰሜን ብርሃን የሚሉት አረንጓዴ ሰማይ። የሰው እናትና የሰው አባት እየገፋሁ በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር “እኔስ መቼ ነው እንደ ሰው የምሄደው?” እል ነበር። አንቺ “እረፍቴን አልነካም፣ ለፋሲካ ሄጄ አባባን አየዋለሁ” አልሽ። እኔ ነኝ “ሰኞ በዓል ነው፣ ቅዳሜ ሄደን ሰኞ እንመለሳለን፣ ምን ይጎድልብሻል?” ብዬ የነዘነዝኩሽ። ስነዘንዝ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ሰው እሺ የሚለኝ ለመገላገል ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አላስካ፣ ፌርባንክስ፣ ሆቴል ክፍላችን ውስጥ ነበርኩ። አንቺ ታች ወርደሽ የሚከራየውን የበረዶ ጫማ ትለኪያለሽ። ስልክሽ ባትሪ ጨርሶ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የእኔ ጮኸ። ወንድምሽ ብዙነህ ነው።

“ሽቱ፣ አባባ ጠና ብሎበታል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። የውቤ ስልክ አይሠራም። ትደውል እሺ? ዛሬውኑ ትደውል” አለኝ። ሳልመልስለት መስመሩ ተቋረጠ።

ውቤ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ። እኛ አገር በስልክ የሞተ ሰው አለ? ሁሉም “ጠና ብሎበታል” ነው፤ ሁሉም “ትንሽ አሞታል” ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ ልጅ ሆኜ ምን ብለው ወደናንተ ቤት እንደወሰዱኝ ታስታውሻለሽ? “ታማ ሐኪም ቤት ገብታለች” ነው ያሉኝ። እኔም ንፍሮ የሚበላ ሰው ግቢውን ሞልቶት እያየሁ ሐኪም ቤት እንሂድ እያልኩ አለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ስልክ ሲደወል ጆሮዬ የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የእናቴ ወንድም፣ ያሳደጉኝ አባባ፣ አረፉ። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። እንባም አልመጣልኝም።

ወዲያው ለጋሽ አሰፋ ደወልኩ።

“አረፉ ነው የምትይኝ?” አሉኝ።

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ተረጋግጧል?”

“ብዙነህ ራሱ ኮል አድርጎ ነው።”

“ኦኬ። በይ እንዳትነግሪያት። በሰው አገር፣ በሆቴል፣ ሊመሽ ሲል መርዶ አይነገርም። ደህና አድርገሽ ይዘሻት ነይ። ማክሰኞ ማለዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ። አደራ፣ ሽቱ፣ ፊትሽ ላይ እንዳታነብብሽ።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ? ያቺን “አዎ” እስከ ዛሬ አሻታለሁ፣ አትመለስም። እሳቸው ሰው ሲያስጠሩ፣ ሴቶቹ ዳቦና ንፍሮ የማዘጋጀቱን ሥራ ሲከፋፈሉ፣ አባባ በሕይወት ነበሩ። እየተነፈሱ በአፌ የቀበርኳቸው፣ ያሟረትኩባቸው እኔ ነኝ።

አንቺ ያን ጫማ አድርገሽ ደረጃው ላይ እግርሽን እየጎተትሽ መጣሽ። “ይሄ ጫማ አይደለም፣ ጀልባ ነው!” ብለሽ ሳቅሽ። ያን ጊዜ ራሴን አመመኝ ማለት እችል ነበር። እንቅር ብልሽ ደስ ብሎሽ ትቀሪ ነበር። እኔ ግን “ቶሎ በይ፣ አውቶብሱ ደርሷል” አልኩሽ። ስልክሽን ልታነሺ ስትዪ “በዚያ ብርድ ባትሪው ይሞታል፣ እዚሁ ይቆይ፣ የእኔን ይዣለሁ” አልኩሽ። የእኔን ኪሴ ውስጥ አጥፍቼዋለሁ። አንቺ ወደ በሩ ስትዞሪ ደግሞ የስልክሽን ቻርጀር ከግድግዳው ነቀልኩት። ይህን አታውቂም። አሁን እወቂው።

ይህን ሁሉ ሳደርግ “ላንቺ ብዬ ነው፣ ወግ ነው” እያልኩ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ወጉ አትንገሪያት አለ እንጂ ውሃ ውስጥ ግቢ አላለኝም። ያን አረንጓዴ ሰማይ ማየት ፈልጌ ነበር። አባባ ሞተዋል ብዬ አምኜም ማየት ፈልጌ ነበር።

ቀሪውን አብረን አየነው፤ ግን እኔ ያየሁትን አንቺ አላየሽም። ከፍልውሃው ልብስ መቀየሪያ ወጥተን በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ በባዶ እግራችን እየጮህን ሮጠን ገባን። ሽታው ገና አፍንጫሽ ሲደርስ “ወንዶ ገነት!” አልሽ። ፈረንጆቹ ዞረው አዩን። አባባ ለጉልበታቸው ቁርጥማት ወንዶ ገነት ሲወርዱ አንድ ጊዜ እኛንም ይዘውን ሄደው፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ እስከ አንገታቸው ውሃው ውስጥ ተቀምጠው የሳቅንባቸውን አነሳሽ። “አባባን እዚህ ባስገባው! ከነባርኔጣው!” አልሽ። እኔ ፊቴን ወደ እንፋሎቱ አዞርኩ። እንፋሎቱ ደግ ነው፣ ሁሉን ይደብቃል።

ፀጉራችን ላይ እንፋሎቱ በረዶ ሆኖ እየረጋ ሁለታችንም ነጭ በነጭ ሆንን። አጠገባችን የነበረችው አሮጊት ፎቶ አነሳችን፣ በራሷ ስልክ፤ በኋላ ላከችልኝ። “አየሽ፣ ስናረጅ ይህን ነው የምንመስለው፤ ያኔም አብረን ነን” አልሽኝ። ፎቶው እኔ ዘንድ አለ። አልሰረዝኩትም፣ ላንቺም አልላክሁትም።

ከዚያ ሹፌሩ ከዳር ሆኖ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ያ ብርሃን ወጥቶ፣ ሰማዩ ላይ ሰው አረንጓዴ ነጠላ ዘርግቶ የሚያራግፍ ይመስል ነበር። እጄን ያዝሽና “ልደውልለት!” አልሽ።

“ለማን?” አልኩሽ፣ እያወቅሁ።

“ለአባባ ነዋ! እዚያ እኮ ጠዋት ነው፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው። በረዶ ላይ ሆኜ ፍልውሃ ውስጥ ነኝ ልበለው። ስልክሽ ኮትሽ ውስጥ አይደል? አምጪው።”

“እርጥብ ሆነሽ ልትወጪ? ትሞቻለሽ። ነገ እንደውላለን።”

“አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ሽቱዬ።”

“ነገ አልኩሽ።”

“ኦኬ፣ ነገ” አልሽና እስከ አገጭሽ ጠለቅሽ።

አሁን የማልናገረውን ልናገር። ከዚያ በኋላ እኔም ቀና ብዬ አየሁ፣ ደስም አለኝ። “እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ!” እያልኩ የጠቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ለመሸፈን ብዬ አይደለም። ያሳደጉኝ ሰው ሞተዋል ብዬ እያመንኩ፣ እዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ረሳኋቸው። አንቺ ደስ ያለሽ ሳታውቂ ነው። እኔ ግን እንዲያ ነኝ።

ሰኞ አውሮፕላኑ ላይ ትከሻዬ ላይ ተኛሽ። ቤት ስንደርስ ልደውል አልሽ፤ እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል አልኩሽ፣ እሱስ እውነቴን ነበር። ስልክሽን ከሆቴሉ ስንወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ሳላወጣው አደረ። ደክሞሽ ስለነበር አልጠየቅሽኝም።

ማክሰኞ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ አንቺ ነሽ የከፈትሽው። ጋሽ አሰፋን ከነጥቁር ካፖርታቸው፣ ከኋላቸው ያን ሁሉ ሰው ስታዪ መጀመሪያ የዞርሽው ወደ እኔ ነበር። ሴቶቹ ክንድሽን ያዙሽ፣ እኔም ያዝኩሽ፣ እኔም ጮኼ አለቀስኩ። ለቅሶው ጋብ ሲል ለብዙነህ ደወልሽ፤ ስልኩ ድምፁ ተለቆ ስለነበር ቤቱ ሙሉ ሰማ።

“ትናንት ማታ ነው ያረፈው፣ ውቤ። ጠዋት ትንሽ ቀለል ብሎት፣ በረንዳ አውጡኝ ብሎ አጥሚት ቀምሶ ነበር። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የዋለው። ገና ሳይነጋ ለሽቱ ነግሬያት ነበር እኮ፣ ትደውል ብዬ። ምነው ጠፋችሁ?”

ጋሽ አሰፋ መሬት መሬት አዩ። አንቺ አልጮህሽም፣ አልተሳደብሽም። “ነገ አልሽኝ” ብቻ አልሽ። እስከ ዛሬ በመጨረሻ የሰማሁት ድምፅሽ ያ ነው።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። “ሳታውቂ ነው ልጄ፣ ወጉን ጠብቀሽ ነው” አሉኝ። መሞታቸውን በስህተት ማመኔ ሳላውቅ ነው። ቻርጀሩን የነቀልኩት ግን እያወቅሁ ነው። ብዙነህ “ትደውል” ሲለኝ ቃሉን እንደ ቃሉ ብወስደው፣ አንዴ ብቻ መልሼ “ምን ሆኑ?” ብለው፣ አባባ በረንዳቸው ላይ ሆነው የፍልውሃውን ሳቅሽን ይሰሙ ነበር። ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ይስቁም ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የከለከለሽ የለም። ይቅር በዪኝ ለማለት እንኳ አፌ ያዘኝ፣ እጄ ግን ይኸው ጽፎታል። ይቅር በዪኝ።

የአርባቸው ቀን ቀርቧል። እዚህም ጋሽ አሰፋና ማኅበርተኛው ጸሎት ያስደርጋሉ። ጥቁር ለብሻለሁ። ሥራ ቦታ “ማን ሞቶብሽ ነው?” ሲሉኝ “አጎቴ” እላለሁ፤ አባቴ ለማለት አፈርኩ።

እህቴ፣ አንድ ነገር ብዙነህን ጠይቂልኝ። እኔ ስልኩን ያነሳሁት ላንቺ መልእክት እንደሚቀበል ሰው ሆኜ ነው። ባለፈው ቅዳሜ መኪናሽ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ግን ድንገት መጣብኝ፤ ሁለታችንንም ያሳደጉት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ያን ጠዋት ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ የጠሩት አንቺን ብቻ ነበር? ወይስ “ሽቱስ?” ብለው ነበር? ጠርተውኝ ከሆነ ንገሪኝ። ካልጠሩኝም ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን ይሁን፣ ብቻ ባንቺ ድምፅ ልስማው።

የአባባን ነፍስ በገነት ያሳርፍልን። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። አንቺንም የሄድሽበት መንገድ ደህና አድርጎ ይመልስሽ፤ ወደዚህ ቤት ባይሆን እንኳ ወደ ደህና ቤት። እኔ ስልኬን አሁን አላጠፋውም፣ ሥራ ላይም፣ ቅዳሴም ቢሆን። ቄሱ ተቆጥተውኛል። የአገር ቤት ቁጥር ሲመጣ ማንም ይሁን ማን አነሳለሁ፤ “ምን ሆኑ?” ብዬም እጠይቃለሁ።

ያለ አባባ የቀረችው፣
ሽቱ