የልብ ጨው

ኅዳር 3፣ ጧት
ባለቤቴ የልቡን ክኒኖች ዋጠ። ሽሮውን ያለ ጨው ሠራሁለት። ዛሬ አላጉረመረመም፤ እስከ መጨረሻው በላ። ይኸው ነው ያላማረኝ። የሚያሸናው መድኃኒት የእግሩን እብጠት አጉድሎለታል፤ ጫማው ገባለት። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ከትናንት ጀምሮ ባቱን ይይዘዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ደመና ያያል። ምን ታያለህ ስለው፣ ወንጪ ሐይቅ ላይ በጀርባዬ የተኛሁ ይመስለኛል አለኝ። የተወለደው እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ሐሮ ወንጪ መንደር ነው። ደብተሬ፣ እኔም አብሬው የተንሳፈፍኩ መሰለኝ።

ኅዳር 4፣ ማምሻ
ምሳ ላይ እጄን ይዞ ደረቱ ላይ አኖረው። ልቡ ይመታል፣ ይቆማል፣ ከዚያ እንደደነገጠ ሰው ይሮጣል። ልጃችን ሌንሳ ባጃጅ ጠራች፤ አምቦ ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። ደም ቀዱ፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉ፣ አስተኙት። ጉሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል። አጠገቡ ሸለብ አደረገኝ፤ መስኮቱ ውሃ ሆኖ ታየኝ።

ኅዳር 5
ዶ/ሩ ልጅ እግር ነው፣ ትዕግሥተኛ። እንደ አገሩ ወግ «አዴ» እያለ እያከበረኝ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳን። የደከመ ልብ ውስጥ ያሉት ጨዎች ሚዛናቸው ሲዛባ ምቱ ይሳሳታል አለ።
«ውሃውን ስናስወጣለት ፖታሲየሙም ማግኒዚየሙም አብረው ወጡበት፣ አዴ።»
ባለቤቴ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነው።
«ፖታሲየም ውሃ ላይ እየጣልኩ ሐምራዊ ነበልባሉን ለተማሪ ሳሳይ ኖርኩ» አለ። «ደረቴ ውስጥ መኖሩን ረስቼ።»
ጎረቤታችን ወ/ሮ ብርቱካን ይህን ሰምታ፣ ሙዝ ፖታሲየም ይሞላል ብላ በዘንቢል ይዛ መጣች። ዶ/ሩ ከለከለ። ኩላሊቱም ደክሟል፤ ፖታሲየሙ ከበዛበት ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። ወ/ሮ ብርቱካን ሙዙን ለክፍሉ በሽተኞች ልታድል ስትነሳ፣ መጀመሪያ ዶ/ሩን ጠይቂ አልኳት። ሲያንስም ሞት፣ ሲበዛም ሞት። እንዲህ ያለ ቀጭን መንገድ ላይ ነው ለካ የምንኖረው።

ኅዳር 9
ቤት ገባን። ልቡ ረግቷል። መድኃኒቱን አስተካከሉለት፤ በየሳምንቱ ደሙ ይታያል። ወንዱ ልጃችን ቶሌራ ከአዲስ አበባ ደወለ። መኪና ልላክ፣ እኔ ጋ ሆኖ ይታከም አለ። ልቤ ወደዚያ አጋደለ። ዶ/ሩን ጠየቅኩ፤ ክትትሉ አምቦም ይቻላል፣ መሣሪያው ግን እዚያ ይሻላል አለ። ለባለቤቴ ነገርኩት። 
«እኔ እዚሁ ብሆን እወዳለሁ» አለ። «አንቺ ከፈራሽ ግን እሄዳለሁ።»
የማታ ክኒኖቹን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ኅዳር 10፣ ጧት
ከእንቅልፌ ሳልነቃ ነው የወሰንኩት መሰለኝ። ለቶሌራ ደወልኩ። አንመጣም፣ አባትህን ናፍቀኸዋል፣ አንተ ና አልኩት። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ፤ ድምፁ የልጅነቱን ሆኖ።
ለአባቱ ነገርኩት። አልፈራሽም ወይ አለኝ።
«እፈራለሁ» አልኩት። «እዚሁ ሆነን እንፈራለን።»